ለማሳየት የተሠራ ሶፍትዌርና ሰው የሚተማመንበት ሶፍትዌር

ዛሬ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ከሚሰሙት ወሬዎች አንዱ፥ ሶፍትዌር መሥራት የባለሙያ ብቻ መሆኑ ቀረ የሚለው ነው። ወሬው ሐሰት አይደለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተስፋፋ ወዲህ፥ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍልን ደጃፍ ያልረገጠ የታሪክ ወይም የቋንቋ ተማሪ እንኳ የሚፈልገውን በተራ ቃል ጽፎ ቢጠይቅ፥ ከእራት እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ውስጥ ስም የሚመዘግብ፥ ሒሳብ የሚደምር፥ ቀለሙ ያማረ መተግበሪያ ተሠርቶ በፊቱ ያገኛል። አንድሬ ካርፓቲ የተባለው የታወቀ የኮምፒዩተር ሊቅ በፌብሩዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ለዚህ አሠራር «ቫይብ ኮዲንግ» የሚል ስም አወጣለት። ይኸውም ማሽኑ የጻፈውን ኮድ ሳያነቡ፥ ውጤቱን ብቻ እያዩ፥ «ይህን ጨምር፥ ያንን ቀንስ» እያሉ ማሠራት ማለት ነው። በአገራችንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ፥ ኮድ የሚለውን ቃል ያልሰማ ተማሪ አይገኝም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ነገሩ መልካም ነው ብለን ማለፍ በቻልን ነበር። ነገር ግን በዚህ ደስታ መካከል ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ እናያለን። አንደኛው አሳብን ለማሳየት የሚሠራ ናሙና ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰዎች ገንዘባቸውን፥ ስማቸውንና ጤናቸውን አምነው የሚያስቀምጡበት፥ ለድርጅት ሥራ የሚበቃ ሶፍትዌር ነው። ሁለቱ በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ናሙናው ያምራል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ልዩነታቸው ምን እንደ ሆነና ለእኛ ለአዊ ልጆች ይህንን ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልገን ነው።

የሚያስፈልገንም ስለዚህ ነው። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፥ በየቀበሌውና በየገጠሩ፥ ሕዝቡ የሚተዳደርባቸው ብዙ ማኅበራት አሉ፤ ዕድር አለ፥ ዕቁብ አለ፥ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፥ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። ከነዚህ አብዛኞቹ ሒሳባቸውን የሚይዙት በደብተር ነው። በሚመጡት ዓመታት ብዙዎቹ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ መዛወራቸው አይቀርም። ይህንን የሚሠራላቸው ማን ነው? ከውጭ አገር የሚገዛ ሶፍትዌር ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሥራው የሚወድቀው «ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብቷልና ያውቃል» በተባለው ተማሪ ላይ ነው። ተማሪውም በአንድ ምሽት ሠርቶ ያስረክባል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ናሙና የሚጠቅመው ለምንድን ነው?

በመጀመሪያ ናሙናን ማጥላላት የማይገባ መሆኑን እንናገር። አንድ ነገር ከመሠራቱ በፊት ምን መምሰል እንዳለበት ባለቤቱና ሠሪው መግባባት አለባቸው። ቀድሞ ይህ የሚደረገው በወረቀትና በብዙ ስብሰባ ነበር። የዕድር ዳኛው የሚፈልገውን ይናገራል፥ ባለሙያው የመሰለውን ይጽፋል፥ ከስድስት ወር በኋላ ሥራው ሲቀርብ ዳኛው «እኔ ያልኩት ይህንን አይደለም» ይላል። አሁን ግን ተማሪው ከዳኛውና ከገንዘብ ያዡ ጋር ተቀምጦ፥ የሚሉትን እየሰማ፥ እዚያው ናሙና አሠርቶ ሊያሳያቸው ይችላል። «ይህ ቁልፍ ለምንድን ነው? ይህ ዓምድ ጎደለ፤ በአገውኛ ይጻፍልን» ይላሉ። በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ዓይነት ናሙና ሠርቶ ሁለቱን መጣል ይቻላል። መጣሉም አያስቆጭም፤ የናሙና ትልቁ ጥቅም ያለ ጸጸት መጣል መቻሉ ነውና።

በአዊ ፈረስ እንዴት እንደሚከበር ለአንባቢ መንገር አያሻንም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያከብራል። ያን ቀን ፈረሱ በጌጥ ተሸልሞ በሜዳው ሲጋልብ የማይደነቅ የለም። ነገር ግን በአገራችን ፈረስ ለእርሻም ይጠመዳል። በዓሉን ያደመቀው ፈረስ ቀንበር ሲጫንበት፥ ዝናብና ጭቃ ሲበዛበት፥ ሳይጥልና ሳይተኛ እስከ ማታ ይውላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሌላ ነው። የበዓሉ ጌጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። የናሙና ማማርም እንደዚሁ ነው።

አንድ ዕድር እናስብ

ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከት። በዳንግላ ከተማ 300 አባወራዎች ያሉት አንድ ዕድር አለ እንበል። አንድ ተማሪ በማሽኑ ረዳትነት የአባላት መመዝገቢያና የወርኃዊ መዋጮ መቀበያ ሠራለት። ተማሪው በገዛ ስልኩ ሞከረው፤ ስም ሲያስገባ ይመዘግባል፥ ገንዘብ ሲያስገባ ይደምራል። ሁሉም አጨበጨበ። አሁን ይህ መተግበሪያ በእውነተኛ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚገጥመው በተራ እንመርምር።

በመጀመሪያ፥ ገንዘብ የሚቀበሉት ሁለት ሰዎች ሆኑ። በዕድሩ ሣጥን 40,000 ብር አለ። አንዱ ተቀባይ 200 ብር፥ ሌላው በዚያው ቅጽበት 300 ብር ተቀበሉ። የሁለቱም ስልክ ከመዝገቡ 40,000 የሚለውን ቁጥር አነበበ። የመጀመሪያው 200 ደምሮ 40,200 ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውም 40,000 መስሎት 300 ደምሮ በላዩ ላይ 40,300 ብሎ ጻፈበት። ትክክለኛው 40,500 ነበር። 200 ብር ከመዝገቡ ጠፋ፤ ማሽኑም ስሕተት ተፈጠረ ብሎ አልጮኸም። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው፥ ተማሪው ብቻውን ሲሞክረው ይህ ጉድለት ለዘላለም አይታይም። ለድርጅት የሚበቃ ሶፍትዌር ግን አንዱ ጽፎ እስኪጨርስ ሌላው እንዲጠብቅ፥ ሥራውም ወይ ሙሉ በሙሉ እንዲፈጸም ወይም ጨርሶ እንዳልተጀመረ እንዲቆጠር ተደርጎ ይሠራል። ባለሙያዎች ይህንን «ትራንዛክሽን» ይሉታል።

ሁለተኛ፥ ኔትወርክ ተቋረጠ። አንድ አባል መዋጮውን በስልክ ልኮ «ተከፍሏል» የሚለው መልእክት ሳይደርሰው መስመሩ ጠፋ። ከፍሎ ይሁን አይሁን አያውቅም፤ ስለዚህ እንደገና ላከ። ናሙናው ሁለት ጊዜ ይቆርጥበታል። በሚገባ የተሠራው ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ ገና ከመነሻው አንድ ልዩ ቁጥር ይሰጣል፤ ያው ቁጥር ሁለት ጊዜ ቢመጣ «ይህንን ቀድሞ ተቀብያለሁ» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጥረዋል። ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብሎ የሚያስብ መተግበሪያ ለእኛ አገር አልተሠራም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን ሁላችን እናስታውሳለን።

ሦስተኛ፥ ስም። በፊደላችን ፀ እና ጸ፥ ሀ፥ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ሆነው በመልክ ይለያያሉ። ሰው ሲያነባቸው ግድ የለውም፤ በኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ማሽኑ የተለያዩ ቃላት ይመስሉታል። «ፀሐይ» የሚለው አንድ ስም በእነዚህ ፊደሎች ብቻ በ6 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ጸሐፊው በአንዱ መዝግቦ ገንዘብ ያዡ በሌላው ቢፈልግ፥ ማሽኑ «እንዲህ ያለ አባል የለም» ይላል። እማሆይ ፀሐይ የሚባሉ አባል ሃያ ዓመት የከፈሉበት ዕድር በሐዘናቸው ቀን «አናውቅዎትም» ቢላቸው ምን ይሰማቸዋል?

አራተኛ፥ ቀን። ማሽኑ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ የሚያውቀው የፈረንጆቹን 12 ወር ነው። ጳጉሜን የምትባል 5 ወይም 6 ቀን ያላት ወር መኖሯን፥ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 መዋሉን፥ የቀኑ አቆጣጠራችንም ከንጋት መጀመሩን ልብ ካላልንበት፥ መዋጮው በወሩ አጋማሽ «ዘገየ» ተብሎ ቅጣት ይጻፋል፤ በጳጉሜን የተከፈለውም ማረፊያ ያጣል።

አምስተኛ፥ ሞት። ዕድር የተቋቋመው ለሞት ሆኖ ሳለ ናሙናው ስለ ሞት ያለው እውቀት «አባሉን ሰርዝ» የሚል ቁልፍ ብቻ ነው። አባወራው ሲሞት ቁልፉ ተነካ፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው የሚስቱና የልጆቹ መዝገብ፥ የዓመታት መዋጮውም አብሮ ጠፋ። በደንባችን ግን ባለቤቲቱ አባልነቱን ትቀጥላለች። ይህ የኮድ ስሕተት አይደለም፤ ኮዱ የታዘዘውን ፈጽሟል። የጎደለው የዕድሩን ሕግ መጠየቅ ነው።

ስድስተኛ፥ ሥርዝና ድልዝ። አባቶቻችን የሒሳብ ደብተር ሲይዙ የተሳሳተውን ፍቀው አያጠፉም፤ በአንድ መስመር ሰርዘው፥ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፈው ይፈርሙበታል። ለዚህም ነው በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ሥርዝ ድልዝ እንዳይኖርበት የሚጠየቀው። ናሙናው ግን ቁጥሩን ለውጦ ያልፋል፤ ማን እንደ ለወጠው፥ መቼ እንደ ለወጠው፥ ቀድሞ ስንት እንደ ነበረ ምንም ምልክት አይተውም። ለድርጅት የሚበቃ ሶፍትዌር ይህንን የአባቶች ደንብ ይጠብቃል፤ አንዳች አያጠፋም፥ እያንዳንዱን ለውጥ ከባለቤቱ ስምና ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከስድስቱ አንዱ እንኳ በመስኮቱ ላይ የሚታይ ነገር አይደለም። ናሙናና የጸና ሶፍትዌር የሚለያዩት በሚታየው ሳይሆን በማይታየው፥ ሁሉ ነገር በደኅና ሲሄድ ሳይሆን ነገር ሲበላሽ ነው።

የመጋቢት 7 ሌሊት

ይህ ለዕድር ብቻ የሚነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአገራችን ትልቁ ባንክ ነው፤ ሶፍትዌሩም ከዓለም አቀፍ ድርጅት የተገዛ እንጂ በአንድ ምሽት የተሠራ አይደለም። ሆኖም በመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በስልክ ተዛመተና በኤ.ቲ.ኤም. ማሽኖች ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ እንደ ገለጸው በነዚያ ሰዓቶች ከ490 ሺህ የሚበልጥ ዝውውር ተደርጓል፥ መጠኑም 2.4 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር፤ ከዚህም ውስጥ አለአግባብ ወጣ የተባለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ነገሩ የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ በፍተሻና ጥገና ሥራ ጊዜ የተፈጠረ እክል ነው ተባለ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ አወጣ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ ትልቅ ስም ያለው ሶፍትዌርም ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ የጸና ሶፍትዌር ማለት የማይሳሳት ማለት አይደለም። ሁለተኛውና ዋነኛው፥ ባንኩ ከስሕተቱ ለመመለስ የቻለው እያንዳንዱ ዝውውር በማን፥ መቼ፥ ስንት ብር እንደ ተደረገ ተመዝግቦ ስለ ነበረ ነው። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ከነዚያ ሁሉ ዝውውሮች ትክክለኛውንና የተሳሳተውን ማን በለየ ነበር?

መዝገቡ ራሱ ሲዋሽ የሚመጣውን ለማወቅ ደግሞ ወደ እንግሊዝ አገር እንመልከት። በዚያ አገር «ሆራይዘን» የተባለ የፖስታ ቤት ሒሳብ መያዣ ሶፍትዌር በትናንሽ ፖስታ ቤቶች ሒሳብ ላይ ያልነበረ ጉድለት ያሳይ ነበር። ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከ900 የሚበልጡ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች በስርቆትና በሐሰት ሒሳብ ተፈረደባቸው። ብዙዎች ቤታቸውን አጡ፥ የታሰሩም አሉ። ፍርዱ በፓርላማ ሕግ በጅምላ የተሻረው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ለዚያ ሁሉ ዓመት «ኮምፒዩተሩ አይሳሳትም» ተብሎ ሰው ሌባ ተባለ።

አሁን ወደ ዳንግላው ዕድራችን እንመለስ። ከመዝገቡ የጠፋውን 200 ብር አንባቢ አልረሳውም። በእርግጥ እዚያ የጎደለው መዝገቡ እንጂ ሣጥኑ አልነበረም። ነገር ግን ስሕተቱ በተቃራኒው ቢሆን፥ ማለትም አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ሣጥኑ ከመዝገቡ ቢያንስ፥ የሚጠየቀው ማን ነው? ገንዘብ ያዡ ነው። በሠፈሩ ሠላሳ ዓመት በታማኝነት የኖረ ሰው፥ ተማሪው በአንድ ምሽት ባሠራው መተግበሪያ ምክንያት በዕድሩ ጉባኤ ፊት ይቆማል። ገንዘብ ይተካል፤ ስም ግን አይተካም። ይህ ጽሑፍ የሚቆረቆረውም ለዚህ ነው።

ዘጠኝ እጥፍ

ይህ ልዩነት አዲስ ግኝት አይደለም። ፍሬድሪክ ብሩክስ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶታል። አሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ አንድ ሰው ለራሱ፥ በራሱ ማሽን የሚሠራው ፕሮግራም አለ። ይህንን ሌላ ሰው ሊሠራበት፥ ሊያርመውና ሊያሳድገው እንዲችል ለማድረግ፥ ይኸውም መፈተንና መግለጫ መጻፍ ሲጨመር፥ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ድካም ይጠይቃል። ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ተገጣጥሞ እንዲሠራ ማድረግም በበኩሉ ሦስት እጥፍ ያስከፍላል። ሁለቱንም አሟልቶ ለመገኘት እንግዲህ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የለወጠው ከእነዚህ ዘጠኝ እጆች የመጀመሪያውን ነው። እርሱን ከሳምንታት ወደ ሰዓታት አወረደው። ከቀሩት ስምንቱም ጥቂቱን ያቃልላል፤ ፈተና ይጽፋል፥ መግለጫ ያረቃል፥ ስሕተት ይጠቁማል። ይህንን መካድ ድንቁርና ይሆናል። ነገር ግን ማሽኑ የዕድሩን ደንብ አልሰማም፤ በዳንግላ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት አያውቅም፤ ዕቃው ቢበላሽ በጉባኤ ፊት አይጠየቅም። ያልተጠየቀውን ጥያቄ ደግሞ አይመልስም። ቀደም ብለን የዘረዘርናቸውን ስድስት ነገሮች አንድ በአንድ ቢጠይቁት ለሁሉም ደኅና መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ችግሩ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚጠይቅም አለማወቁ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ዘመን ተናግረዋል።

ማሽኑን በእውነተኛ መዝገብ ላይ ማሰማራት የሚያመጣውን አደጋ በተመለከተ፥ በጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. የሆነውን እንጥቀስ። ጄሰን ለምኪን የተባለ አሜሪካዊ የንግድ ሰው «ሬፕሊት» በተባለ አገልግሎት መተግበሪያ ሲያሠራ፥ ምንም ነገር እንዳይለውጥ አዝዞት ሳለ ማሽኑ በሥራ ላይ ያለውን የመረጃ ቋት አጠፋበት። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች መረጃ ነበረበት። ማሽኑም መመለስ አይቻልም አለ፤ ኋላ ግን መመለስ የሚቻል ሆኖ ተገኘ። የድርጅቱ ኃላፊ ይቅርታ ጠይቆ፥ ከዚያ ወዲህ የመሞከሪያው ሜዳና እውነተኛው መዝገብ የተለያዩ እንዲሆኑ እንደሚያደርግ አስታወቀ። በሙያው ዘንድ ይህ መለያየት የቆየ ደንብ ነው፤ ቸኩለው የሠሩት ሁሉ ይረሱታል እንጂ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ይህ ለባንክ እንጂ ለዕድር ምን ይሠራል?»

እንዲህ ብሎ የሚከራከር እንደሚኖር እናውቃለን፤ ክርክሩም ፍሬ አለው። 300 አባላት ያሉት ዕድር የባንክ ያህል ሶፍትዌር አያሻውም፤ መቶ ሰርቨርና ሌት ተቀን የሚጠብቅ ባለሙያም አይፈልግም። ከመጠን በላይ የከበደ ሶፍትዌርም ጥፋት ነው፤ ገንዘብ ይበላል፥ ሠራተኛውን ያሰለቻል፥ በመጨረሻም ተትቶ ወደ ደብተር ይመለሳል። ስለዚህ መለኪያው የድርጅቱ ትልቅነት መሆን የለበትም። መለኪያው፥ «ይህ ቢበላሽ የሚጎዳው ማን ነው? ጉዳቱስ ይመለሳል ወይ?» የሚለው ነው። ለግቢው የእግር ኳስ ውድድር የተሠራ የነጥብ መቁጠሪያ ቢበላሽ ጥቂት እንስቃለን፤ በአንድ ምሽት ቢሠራም ነውር የለበትም። የጤና ጣቢያ የመድኃኒት መዝገብ ቢበላሽ ግን ሳቅ የለም።

ሌላው የሚረሳው ጊዜ ነው። ናሙና የአንድ ቀን እንግዳ ነው፤ ሶፍትዌር ግን ቤተ ሰብ ነው፥ ዓመት ከዓመት ይቀለባል። ስልኩ ይለወጣል፥ ሕጉ ይለወጣል፥ የመዋጮው መጠን ይለወጣል። እንደ ፈረሰኞቹ ማኅበር ከሰማንያ ዓመት በላይ ለመቆየት ጸሐፊ ሲሞት ወይም ሲሾም መዝገቡን ለተከታዩ የሚያስረክብበት ሥርዓት ያስፈልጋል። ተማሪ ግን ከተመረቀ በኋላ በየት እንደሚመደብ አይታወቅም። የይለፍ ቃሉ በእርሱ ስልክ፥ ኮዱ በእርሱ ላፕቶፕ፥ አሠራሩም በእርሱ ራስ ውስጥ ብቻ ከሆነ፥ እርሱ በሄደ ማግስት ዕድሩ መዝገብ የለውም። ይባስ ብሎ ኮዱን የጻፈው ማሽን፥ ተማሪውም ያላነበበው ከሆነ፥ የሚያውቀው ሰው ቀድሞውንም አልነበረም ማለት ነው።

ሕግም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚይዝ ሁሉ እንዲጠነቀቅ ያስገድዳል፤ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍ መረጃም ደንብ አለው። ናሙና እንዲሠራለት ብሎ የአባላትን ስም፥ ስልክና ዕዳ ለውጭ አገር ማሽን የሚሰጥ ተማሪ ምን እያደረገ እንደ ሆነ ያስብ።

ምን እናድርግ?

ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር የለም። ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ የቆመበት መሠረት «ሞሲፕ» የሚባል፥ በሕንድ አገር የተጀመረና ለሁሉ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ሁሉን ነገር ከባዶ መጀመር ወይም ሁሉን ነገር በውድ ዋጋ መግዛት ብቻ አይደለም ያለው መንገድ፤ ሌሎች የፈተኑትን መሠረት ወስዶ በላዩ የራስን መሥራትም አለ። ለዕድርና ለቁጠባ ማኅበር ሒሳብም ይኸው ይቻላል።

በበኩላችን ተማሪዎች ሁሉ የሚከተሉትን ደንቦች እንዲይዙ እናሳስባለን። አንደኛ፥ ናሙና የሆነ ሁሉ በግንባሩ ላይ «ናሙና ነው» የሚል ጽሑፍ ይኑረው፤ እውነተኛ ስምና እውነተኛ ገንዘብ አይግባበት፥ በፈጠራ ስሞች ይሞከር። ሁለተኛ፥ ወደ ሥራ የሚገባ ሶፍትዌር ቢያንስ ለሦስት ወር ከደብተሩ ጎን ለጎን ይሂድ፤ በየሳምንቱ ሁለቱ ይመሳከሩ፥ ልዩነት በተገኘ ቁጥርም ምክንያቱ ይፈለግ። ደብተሩን ለማቃጠል የሚቸኩል አይኑር። ሦስተኛ፥ መጠባበቂያ ቅጂ አለ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሁሉ ነገር ጠፋ ተብሎ ከቅጂው መመለስ መቻሉ በእርግጥ ይሞከር። አራተኛ፥ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ኮዱን ያንብቡት፤ ያልተነበበ ኮድ ለማንም አይረከብ። አምስተኛ፥ ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉም በማኅበሩ እጅ ይቀመጥ።

በተለይ ለእኛ ለሥነ ጥበብና ለማኅበራዊ ትምህርት ተማሪዎች አንድ ቃል እንጨምር። ብዙዎቻችን ይህ ሥራ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ነው ብለን ወደ ኋላ እንላለን። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርናቸው ጉድለቶች ግማሹ የቋንቋ፥ የደንብና የሰው ጉዳይ ናቸው። የፊደሉን ነገር የሚያውቀው የቋንቋ ተማሪ ነው። ባለቤቲቱ አባልነቱን ትወርሳለች የሚለውን ደንብ ጠይቆ የሚጽፈው የማኅበራዊ ጥናት ተማሪ ነው። ከገጠር የመጡትን እናት በአገውኛ አነጋግሮ፥ ማሽኑ የጻፈው ቃል ለእርሳቸው ምን ትርጉም እንዳለው የሚረዳ ቋንቋውን የሚያውቅ ልጅ ነው። ኮድ መጻፍ በረከሰ ቁጥር፥ ምን መጻፍ እንዳለበት የማወቅ ዋጋው ይከብዳል። እንግዲህ ሥራው የሁላችን ሆነ ማለት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሕዝብ ገንዘብ የሚማር ነው። ያ ሕዝብ ነገ «ልጃችን ያውቃል» ብሎ ደብተሩን ሲሰጠን፥ የሚሰጠን የዓመታት መዋጮውንና የገንዘብ ያዡን ስም ጭምር ነው። ስለዚህ ሠርተን ስናሳየው «ይህ ገና ናሙና ነው፤ ለሥራ የሚበቃው ይህን ያህል ወር ሲደከምበት ነው» ብለን እውነቱን መንገር ይገባናል። ይህንን ቃል ለመናገር የማሽን እርዳታ አያስፈልግም።